ንባቡ አንድ፣ ዜማው ሁለት

እ.ኤ.አ. በ2009፣ በሴፕቴምበር ወር አንድ ምሽት፣ በአሜሪካ አገር ከቦስተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክተር ዳኒ አዳምስ የእንቁራሪት ጽንስ ከማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠው፣ ካሜራው በየጥቂት ጊዜው ሥዕል እያነሣ እንዲያድር ካዘጋጁ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጽንሱ ገና ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ አፍንጫ የለው፤ ተድበልብሎ የተቀመጠ ሊጥ የሚመስል፣ ልምድ የሌለው ሰው ፊቱን ከጀርባው ለመለየት የሚቸገርበት ፍጥረት ነበር። ሌሊቱን በዚያ ክፍል የሆነውን ያየ ሰው አልነበረም። ሲነጋ ግን የሌሊቱ ሥዕሎች ተከታትለው እንደ ሲኒማ ሲታዩ፣ ፊት በሌለው በዚያ ፍጥረት ላይ ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቁ፣ ዓይን ወደፊት በሚወጣበት ስፍራ የዓይንን፣ አፍ ወደፊት በሚከፈትበት ስፍራ የአፍን መልክ ነድፈው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ጠፉ። ሠዓሊ በብራናው ላይ ቀለም ከማፍሰሱ አስቀድሞ በቀጭን መስመር እንደሚነድፍ ሁሉ፣ ሥጋው ከመሠራቱ በፊት የሥጋው ንድፍ ታይቶ አለፈ።

ብርሃኑ ከጽንሱ የፈለቀ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ጽንሱን በኤሌክትሪክ ግፊት ልክ ድምቀቱ በሚለዋወጥ ቀለም ነክረውት ስለ ነበረ፣ ለዓይን የታየው ነገር በየሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኘው የቮልቴጅ መጠን ነው። ጥናቱ በ2011 ታትሞ ሲወጣ አንድ ተጨማሪ ነገር ይዞ ነበር፤ ይኸውም ሕዋሳቱ ያንን የግፊት ሥርዓት እንዳይጠብቁ በተደረጉ ጊዜ የፊታቸው አሠራር የተፋለሰ እንቁራሪቶች መገኘታቸው ነው። ስለዚህ ንድፉ ጌጥ ወይም የሥራው ትርፍራፊ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ንድፉ ሲዛባ ሥጋውም አብሮ ይዛባልና።

ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አለ ሲባል አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ልብንና አንጎልን ነው፤ የልብ ሕመምተኛ በደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎለት የልቡ ትርታ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ያላየ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ኃይል የልብና የአንጎል ብቻ ርስት አይደለም፤ የቆዳም፣ የአጥንትም፣ የአንጀትም፣ ገና ምን እንደሚሆን ያልታወቀው የጽንስ ሕዋስም ገንዘብ ነው። ምንጩም ለዕለት ወጣችን የምንጨምረው ጨው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በሽፋኑ ላይ ያለማቋረጥ የሚሠሩ ረቂቃን ፓምፖች አሉት፤ ከእነርሱ ዋነኛው ሦስት የሶዲየም አዮኖችን ወደ ውጭ እያወጣ ሁለት የፖታሲየም አዮኖችን ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህንን ፓምፕ በ1957 የገለጠው ዴንማርካዊው ዬንስ ስኩ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ሦስት ወጥቶ ሁለት ሲገባ ሒሳቡ አይገጥምምና፣ በዚህና በሽፋኑ ላይ ባሉት የአዮን በሮች በኩል ፖታሲየም እያፈተለከ በመውጣቱ ምክንያት የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ኔጌቲቭ ይሆናል።

ልዩነቱ በነርቭ ሕዋስ ወደ 70 ሚሊቮልት ይደርሳል፤ ከአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ከሃያ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ይህ ትንሽ ግፊት የሚያርፍበት ሽፋን ውፍረቱ ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ሰባት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሒሳቡ በሜትር ሲተመን አሥር ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። በደረቅ አየር ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚፈነጥቀው በሜትር ሦስት ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ እያንዳንዳችን ከመብረቅ የበረታ ውጥረት በዝምታ ተሸክመን እንደምንሄድ መገንዘቡ ጥቂት ሳያስደነግጠው አይቀርም።

አንድ ሕዋስ ብቻውን የያዘው ቮልቴጅ ግን ገና መልእክት አይባልም። ሕዋሳት ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚገናኙባቸው ጥቃቅን ሽንቁሮች አሏቸው፤ የድሮ ጎረቤታሞች በአጥር ቀዳዳ እሳት ይጫጫሩ እንደ ነበረ፣ ሕዋሳትም በእነዚህ ሽንቁሮች አዮን ይቀባበላሉ፤ በዚህም የአንዱ ግፊት የሌላውን ይለውጣል፤ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ዓይነት አሳብ ይይዛል። ግፊቱ በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ቮልቴጅን የሚያዳምጡ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ ወይም ይዘጋሉ፤ ወደ ውስጥ የገባው ካልሲየም በተራው ዘረመልን ይቀሰቅሳል፤ አንዱ ሕዋስ እንዲከፈል፣ ሌላው እንዲራመድ፣ ሌላው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ትእዛዝ ይወጣል። ኤሌክትሪኩና ኬሚካሉ እንዲህ እየተጠላለፉ ስለሚሠሩ፣ አንዱን ከሌላው ነጥሎ «ይህ ጌታ፣ ያ ሎሌ» ማለት ይከብዳል።

ይህ ዕውቀት ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ቢመስል የሚፈረድበት የራሱ የመጀመሪያ ዝና ነው። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲፈራገጥ አይቶ በ1791 መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፣ ኃይሉ ከእንስሳው ከራሱ የሚመነጭ ነው አለ፤ የፓቪያው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ ደግሞ ኃይሉ የሚመነጨው ከሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች መነካካት ነው ብሎ ተከራከረው፤ ክርክሩንም ለማስረዳት ሲደክም በ1800 ለዓለም ያሳወቀውን ባትሪ ሠራ። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት ነበራቸው፤ ነገር ግን ባትሪ ያበጀ ሰው ከእንቁራሪት ጋር የተቀመጠውን ሰው በዝና መርታቱ የማይቀር ነው። ጋልቫኒ በአገሩ ለተቋቋመው አዲስ መንግሥት መሐላ አልፈጽምም በማለቱ በ1798 ከማስተማሪያ ወንበሩ ተሽሮ በዚያው ዓመት ሞተ። የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ ግን በ1803 ለንደን ከተማ ላይ በስቅላት የተቀጣ ሰው ሬሳ በሕዝብ ፊት አቅርቦ፣ በባትሪ ኃይል መንጋጋውን አንቀጠቀጠው፤ አንድ ዓይኑንም ገለጠለት። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክና ሕይወት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነሡ የቁም ነገር ሰው የሚሸሽበት፣ የኤሌክትሪክ መታጠቂያ የሚሸጥ አጭበርባሪ የሚሰበሰብበት ዘመን ሆነ። እኔ ለእነዚያ ለሸሹት ሊቃውንት አዝናለሁ እንጂ አልፈርድባቸውም፤ ስምን ከገበያ ጩኸት መጠበቅ ቀላል አይደለም።

ያልሸሹም ነበሩ። በርሊናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በገዛ ጣቱ ላይ ቁስል አድርጎ፣ ከቁስሉ የሚወጣ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት መኖሩን ለካ። ምክንያቱ አሁን ለእኛ ግልጽ ነው፤ ቆዳ አዮኖችን ወደ ውስጥ እየጎተተ በውስጡና በውጭው መካከል ግፊት አጠራቅሞ የሚኖር በመሆኑ፣ በተቀደደ ጊዜ የተጠራቀመው በቀዳዳው በኩል ይፈስሳል፤ ግድብ ሲሸነቆር ውኃው በሽንቁሩ እንደሚወጣ ያለ ነው። በዚህ ፍሰት ምን ሥራ ይሠራል የሚለው ጥያቄ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተኝቶ ቆየ። የተቀሰቀሰውም በአንድ መሣሪያ ምክንያት ነው። በ1974 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላየነል ጃፌና ሪቻርድ ኑቺቴሊ ጫፉ እጅግ ያነሰ፣ ሳያቋርጥ የሚንቀጠቀጥ መለኪያ አበጅተው፣ ሕዋሱን ሳይነኩ በዙሪያው የሚፈስሰውን ፍሰት ማንበብ ቻሉ።

መለኪያው በእጅ ከገባ በኋላ ወደ ማን እንደሚቀርብ አያጠራጥርም፤ የተቆረጠ አካሉን መልሶ ወደሚያበቅል ፍጥረት ነው። በግቢያችን ግንብ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን እንሽላሊት በልጅነታችን ጅራቱን ያላስጣልነው ማን አለ? ጅራቱ ተቆርጦ ለብቻው ሲፈራገጥ እንሽላሊቱ ያመልጣል፤ ከወራት በኋላ ሌላ ጅራት ይዞ ይገኛል። ነገር ግን የእንሽላሊት አዲስ ጅራት፣ ቀርቦ ለመረመረው፣ እንደ ፊተኛው አይደለም፤ በአጥንት ፈንታ ልም አጥንት የያዘ ማካካሻ ነው። ሳላማንደር ግን የተቆረጠ እግሩን ከነአጥንቱ፣ ከነጡንቻው፣ ከነጣቶቹ መልሶ ያበቅላል፤ ይህንንም ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1768 ጽፎታል። ሪቻርድ ቦርገንስና ጃፌ በ1977 የሳላማንደር ወገን በሆነው በኒውት የተቆረጠ እግር ላይ መለኪያቸውን ቢያቀርቡ፣ ከጉማጁ ጫፍ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ከ10 እስከ 100 ማይክሮአምፔር የሚደርስ ፍሰት ወደ ውጭ ሲወጣ አገኙ። በዚያው ዓመት፣ እግሩን መልሶ በማያበቅለው በትልቅ እንቁራሪት ጉማጅ ላይ 0.2 ማይክሮአምፔር፣ ማለት የእጅ ባትሪ አምፖል ከሚወስደው ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚያንስ ፍሰት፣ ቢያሳልፉበት፣ ጉማጁ ቅርጹ ያልተስተካከለ ቢሆንም ማደግ ጀመረ።

ጉማጁ ማደግ መጀመሩ ብዙ ሰው አስደንቋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የሳላማንደሩ እግር ማቆሙ ነው። ማደግ ካንሰርም ያድጋል። አዲሱ እግር ግን ከሌላው እግር ጋር እኩል ሲሆን፣ ጣቱም ሲሞላ፣ ያቆማል፤ ማን ለካለት? ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ከሚጠቁሙት አንዱ ዝብራ የሚባለው ትንሽ የውኃ ገንዳ ዓሣ ነው። በ2014 በጀርመንና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ኅብረት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ክንፎቹ ከልክ በላይ የሚረዝሙት የዚህ ዓሣ ዘር ጉድለቱ በአንድ የፖታሲየም በር ላይ ነው። የሰውነቱ ግንድ ደኅና ነው፤ ክንፎቹ ግን መቆሚያቸውን አላወቁም። በዜማ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ከቃላቱ በላይ ከሚጻፉት ምልክቶች አንዱን፣ ቁርጥን፣ ማስታወሱ አይቀርም፤ ንባቡ ሳይጎድል ቁርጥ የጠፋበት ዜማ ማብቂያ አያገኝምና።

ምሳሌውን እዚህ ላይ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ለሚከተለው ትል ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ስላላገኘሁ ነው። ፕላናሪያ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል፣ ርዝመቱ ከጥፍር የማይበልጥ፣ በወራጅ ውኃ ድንጋይ ሥር የሚኖር፣ ሁለት ዓይኖቹ የተንሸዋረሩ የሚመስሉ ፍጡር ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ሃንት ሞርጋን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህንን ትል ሲከትፍ፣ ከትሉ 279 እጅ አንዱ እንኳ ሙሉ ትል ሆኖ መነሣት እንደሚችል አገኘ። ቁራሹ ራስ የት፣ ጅራት የት መብቀል እንዳለበት እንዴት እንደሚያውቅ ሞርጋን ሊፈታው አልቻለም፤ ትቶት ወደ ፍራፍሬ ዝንብ ሄደና ከዘረመል ጥናት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆኖ በ1933 ኖቤል ተሸለመ። ታላቁ የዘረመል ሳይንስ ከተተወ የትል ጥያቄ ማዶ መስፋፋቱ የታሪክ ፌዝ ነው።

ጥያቄውን መቶ ዓመት ቆይተው ያነሡት በተፍትስ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ማይክል ሌቪን ናቸው። ሌቪን ባዮሎጂን ከኮምፒዩተር ትምህርት ጋር አጣምረው የተማሩ ሰው ስለ ሆኑ፣ የሚጠይቁት «ማሽኑ ከምን ተሠራ?» ብለው ሳይሆን «ምን ታዘዘ?» ብለው ነው። በ2010 በታተመው ሥራቸው፣ ራሱና ጅራቱ የተቆረጠለትን የትል ወገብ በጎረቤት ሕዋሳት መካከል ያሉትን ሽንቁሮች ለጊዜው በሚዘጋ ኬሚካል ውስጥ ነክረው አወጡት። ትሉ በሁለቱም ጫፍ ራስ አበቀለ። ይህስ ይሁን፤ መርዝ ብዙ ነገር ያበላሻል። ነገር ግን ኬሚካሉ ከታጠበ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ባለሁለት ራስ ትል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ሁለቱንም ራስ ቢቆርጡለት፣ ዳግመኛ ሁለት ራስ አበቀለ፤ ቢደግሙትም እንዲሁ። ዘረመሉን የነካው ሰው የለም፤ ፊደሉ ከፊተኛው አልተለወጠም። የተለወጠው በሕዋሳቱ መካከል የሚኖረው የግፊት ሥርዓት ነው። አንዱ የቅዳሴ ንባብ በግዕዝም በዕዝልም እንደሚዜም፣ አንዱ ዘረመል አንድ ራስም ሁለት ራስም ይዜማል።

በ2017 ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነገር ወጣ። በዚያው ኬሚካል ከታከሙት ትሎች አንድ አራተኛ ያህሉ ባለሁለት ራስ ሲሆኑ፣ የቀሩት አንድ ራስና አንድ ጅራት ይዘው፣ ምንም እንዳልደረሰባቸው መስለው ይኖራሉ። ሰው ቢመለከታቸው፣ በማይክሮስኮፕም ቢመረምራቸው፣ ጤነኞች ናቸው። በውኃ ውስጥ እንደገና ሲቆረጡ ግን ከእነርሱም አንድ አራተኛ ያህሉ ሁለት ራስ ያበቅላሉ። አካሉ አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ወደፊት ቢቆሰል ምን እንደሚሠራ የያዘው አሳብ ሌላ ነው፤ አሳቡም እስኪቆሰል ድረስ አይታወቅም። እኔ ይህንን ጥናት ካነበብሁ ወዲህ ጤና የሚለውን ቃል እንደ ድሮው በቀላሉ አልጠራውም።

በእንቁራሪቶቹ ላይ የተሠራውንም ማለፍ አይገባም። ለዚህ ምርምር የሚያገለግለው ባለጥፍር እንቁራሪት፣ ዜኖፐስ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ዘመዶቹም በእኛው አገር ደጋ ኩሬዎች ውስጥ ስለሚኖሩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ገና እግር ያላወጣው የእንቁራሪቱ እጭ ጅራቱ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል፤ በዕድገቱ መካከል ግን ለጥቂት ቀናት ይህ ችሎታ ይጠፋበታል፤ ቁስሉ ይድናል፣ ጅራት ግን የለም። በ2007 እነ አዳምስና ሌቪን በዚህ የመካንነት ጊዜ ላለው እጭ፣ አዮን የሚያወጣ ፓምፕ ከእርሾ ወስደው ቢሰጡት፣ ጅራቱ ከነነርቩና ከነጡንቻው በቀለ። እንጀራችንን የሚያነሣው የእርሾ ዘመድ የእንቁራሪትን ጅራት አስነሣ! ስለ ጅራት አሠራር እርሾ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያመጣው ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ የቀረውን የእጩ አካል ራሱ ያውቅ ነበር። በ2012 በታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ በጽንሱ ሕዋሳት ላይ የዓይንን ስፍራ የሚመስል ግፊት በማሳደር በአንጀትና በጅራት ላይ ዓይን እንዲወጣ አደረጉ።

ሁሉም ባዮሎጂስት በዚህ አልተማረከም። ከ1924 ጀምሮ፣ ማለት ሃንስ ሽፔማንና ሂልደ ማንጎልድ በጀርመን ፍራይቡርግ የአንዱን ጽንስ ቁራሽ በሌላው ላይ ተክለው ሁለተኛ አካል ካስነሡ ወዲህ፣ የዕድገት ሳይንስ ትእዛዙን የሚፈልገው በኬሚካል ነው፤ ደግሞም አግኝቷል። በፕላናሪያ እንኳ በ2008 ቤታ ካቴኒን የሚባለውን ፕሮቲን በማጥፋት ብቻ ጅራት በሚወጣበት ራስ እንዲወጣ ያደረጉ ላቦራቶሪዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ስለዚህ ተጠራጣሪዎቹ «ቮልቴጁ አዛዥ ነው ወይስ በር ከፋች?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ክርክር ስሰማ ጋልቫኒና ቮልታ ትዝ ይሉኛል፤ እነርሱም አንዱ እንስሳውን ሌላው ብረቱን ይዘው ተለያዩ፤ እንቁራሪቷ ግን ሁለቱንም ይዛ ነበር።

ሐኪሞች ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ጃፓናውያኑ ፉካዳና ያሱዳ በ1957 አጥንት ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ገልጠው ነበርና፣ ያልገጠመን ስብራት በኤሌክትሪክ የሚረዱ መሣሪያዎች በ1979 በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። ፕሮፌሰር ሚን ዣውና ባልደረቦቻቸው በ2006 እንዳሳዩት፣ የቁስል ፍሰት ለሕዋሳት የመንገድ መሪ ነው፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ሕዋሳቱ ወደ ቁስሉ በመሄድ ፈንታ ከቁስሉ ይሸሻሉ። ከመወለድ ጀምሮ በሰው ላይ የሚታይ ምስክርም አለ፤ አንደርሰን ታዊል በሚባለው ብርቅ የዘር ሕመም አንድ የፖታሲየም በር ስለሚበላሽ፣ ሕመምተኞቹ የልብ ምት መዛባትና የጡንቻ መድከም ብቻ ሳይሆን የዓይን መራራቅ፣ የመንጋጋ ማነስና የትንሿ ጣት መጉበጥ ይታይባቸዋል። የአዳምስን ሲኒማ ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በ2022 ደግሞ ሌቪንና ዴቪድ ካፕላን በትልቅ እንቁራሪት የተቆረጠ እግር ላይ ከሐር የተሠራ ጄልና አምስት መድኃኒቶችን የያዘ ቆብ ለ24 ሰዓት ብቻ ደፍተው አነሡት፤ እንቁራሪቱ በ18 ወር ውስጥ የሚዋኝበት እግር አበቀለ። በጫፉ ላይ ጣት የሚመስሉ ነገሮች ወጥተዋል፤ አጥንት ግን የላቸውም።

ከእነዚህ ከአብዛኞቹ አስቀድሞ፣ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ፣ ዶክተር ሲንቲያ ኢሊንግዎርዝ በር የቀጠቀጣቸውን የሕፃናት ጣቶች ያክሙ ነበር። በ1974 እንደጻፉት፣ የትንሽ ልጅ ጣት ከመጨረሻው መገጣጠሚያ ወዲያ ተቆርጦ፣ ጫፉ ላይ ቆዳ ሳይሰፋበት በተራ ፋሻ ብቻ ቢሸፈን፣ በወራት ውስጥ ከነጥፍሩና ከነአሻራው ይመለሳል። በ1980 ደግሞ ከፊዚክስ ባለሙያው ከአንቶኒ ባርከር ጋር ሆነው መለኪያ ወደ እነዚያ ጣቶች አቀረቡ። ከልጆቹ ጣት ጫፍ ፍሰት ይወጣ ነበር፤ ቦርገንስ ከኒውት ጉማጅ እንዳገኘው ያለ ነው። የኒውት ጉማጅ ደግሞ ሙሉ ቆዳ ተጎትቶ ከተሰፋበት እግር አያበቅልም። በሼፊልድ ያሉት ሐኪም ቁስሉን አጥበው፣ መርፌና ክሩን ሳይነኩ፣ ጣቱን በፋሻ ጠቅልለው ልጁን ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር።